ለጭራ የተላከ ሽማግሌ

አባቴ ሲፎክሩ ልጆቻቸውን ይቆጥራሉ። ሠርግ ላይም ይሁን የጥር ፈረስ ግልቢያ ላይ፣ ጠላው ሞቅ ሲያደርጋቸው ዱላቸውን ይዘው ይነሱና «የአራሹ አባት! የፖሊሱ አባት! የነርሷ አባት!» እያሉ ወዲያ ወዲህ ይንጎራደዳሉ። ከነርሷ በኋላ ትንፋሽ ይወስዳሉ። እኔ አራተኛውና የመጨረሻው ልጅ ነኝ፤ ከትንፋሹ ቀጥሎ ያለው ቦታ የእኔ ነበር። እሳቸው ግን «የአምባላዩ ጌታ!» ብለው ወደ ነጩ ፈረሳቸው ይሻገራሉ። ሴቱ እልል ይላል፣ ወንዱ ያቅራራል፣ እኔ ዳር ቆሜ አጨበጭባለሁ። ምን ላድርግ? ከፈረስ ጋር ቦታ ልጋፋ?

ጥፋቴ ጊታር ነው። አዲስ አበባ ክላሲካል ጊታር ተምሬ ተመለስኩና እንጅባራ የሙዚቃ መምህር ሆኜ ተቀጠርኩ። ደመወዝ አለኝ፣ ከረቫት አለኝ፣ ዓመት በዓል ሲመጣ በግ እየጎተትኩ ነው ጥሊሊ አጠገብ ወዳለው ቀያችን የምገባው። አባቴ ዘንድ ይሄ ሁሉ ተደምሮ አንድ ቃል ነው፤ አዝማሪ። ልጅዎ ምን ይሠራል ተብለው ሲጠየቁ «እንጅባራ ቢሮ ነው» ይላሉ። የምን ቢሮ? «ቢሮ ነዋ!» በቃ፣ አለቀ።

አንድ የፋሲካ ሰሞን ጊታሬን ይዤ ብሄድ ገና ከሚኒባሱ ስወርድ የማዳበሪያ ከረጢት ይዘው ጠበቁኝ፤ ነጠቁኝና ሸፈኑት። ጎረቤታችን አይቶ «ምንድን ነው እሱ?» ሲላቸው «የመሬት መለኪያ ነው» አሉት። ያን ጊዜ የልኬታ ባለሙያዎች ባለ ሦስት እግር መሣሪያቸውን ተሸክመው ማሳ ለማሳ ይዞሩ ስለነበር ማንም አልተጠራጠረም። በማግሥቱ ጠዋት በድንበር የተካሰሱ ሁለት ሰዎች ደጃችን ቆመው «እንግዲህ ልጅዎ ይለካልን» አሉ። አባቴ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ወይ ጣጣ! በንዴት ጨሼ፣ በከረጢት የተጠቀለለ ጊታር ታቅፌ፣ የሰው ማሳ መሐል ተገተርኩ። ክርኔ ሳይታወቀኝ ከረጢቱን ሲነካው ጊታሩ «ዶንንን» አለ። ሁለቱም ባላጋራዎች ክው አሉ። «ተናገረ!» አለ አንደኛው። ዶን ያለበት ላይ ድንጋይ ተከሉ፣ ተቃቀፉ፣ እኔንም መረቁኝ። ድንበሩ እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ቤት ስንገባ «እኔ ቀያሽ አይደለሁም አባዬ! አንድ ቀን ቁጭ ብለው ይሰሙኛል!» ብዬ ጮህኩባቸው። እሳቸው ከፈረሳቸው ጋር ማውራታቸውን ቀጠሉ። ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከፈረሱ ጋር በአዊኛ ነው የሚያወሩት፤ ለፈረሱ የሚነግሩት ሁልጊዜ ይረዝማል።

ዩኒቨርሲቲው ተከፍቶ እንጅባራ በእንግዳ መምህር በተሞላች ጊዜ ቡድን መሠረትኩ። እኔ ጊታር እመታለሁ። ቫዮሊን የምትጫወተው ባንክ ቤት ከመስታወት ጀርባ ተቀምጣ የምትሠራ ልጅ ናት። ቼሎ የሚጫወተው ሽበታም የፊዚክስ መምህር ነው፤ ቼሎ ማለት ቁመቱ የጎረምሳ የሚያህል ቫዮሊን ነው። ሳጥኑን ባጃጅ ላይ ሲጭነው ሾፌሩ የሁለት ሰው ሒሳብ ይጠይቀዋል። መንገድ ላይ የሚያየው ሰው ግማሹ ቀፎ ነው ይላል፣ ግማሹ ሬሳ መስሎት ቆቡን ያወልቃል። አራተኛችን የዳንግላ ሰው ነው፤ መሰንቆ ይመታል፣ ምላሱ ምላጭ ነው። የፈረንጅ የጥንት ዜማ እኛ በጊታርና በቫዮሊን ስንጀምረው እሱ በትዝታ ቅኝት መሐሉ ይገባበታል፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ ይወስደዋል።

እንዲህ ያለውን ትንሽ ቡድን ፈረንጆቹ «ቻምበር» ይሉታል። አዳራሽ ልንጠይቅ የሄድንበት ቢሮ ያለው ሰውዬ ግን ቻምበር ሲባል የሚያውቀው የንግድ ምክር ቤትን ብቻ ነው። «ታዲያ ንግድ ፈቃዳችሁ የታለ?» አለን። የፊዚክስ መምህሩ በትዕግሥት፣ ቻምበር ማለት ክፍል ማለት እንደሆነ፣ ጥንት በመኳንንት ቤት፣ በውስጠኛው ክፍል ይጫወቱት እንደነበር አስረዳው። ሰውዬው ገባው። በሳምንቱ አስፋልቱ ዳር ትልቅ ጨርቅ ተሰቀለ፦ «የጓዳ ሙዚቃ ቡድን ትርኢት»። ከዚያ ወዲያ ገበያ መውጣት አልቻልኩም። «ጓዳ ገብታችሁ የምትመቱ ከሆነ እኛን ለምን ትጠሩናላችሁ?» ይሉኛል። የመሰንቆው ሰው «ወጥ እንዳይሰረቅ ልንጠብቅ ነው» እያለ ይመልስላቸዋል።

ጉዱ የመጣው ትርኢቱ ሲቃረብ ነው። የባንኳ ልጅ ክረምቱን ሙሉ ዘግታ ያቆየችውን የቫዮሊን ሳጥን ስትከፍት የቀስቱን ጭራ ብል በልቶታል። የቫዮሊን መምቻም እንደ መሰንቆው ሁሉ ቀስት ይባላል፤ የሚወጠርበትም የፈረስ ጭራ ነው። እንጨቱ ራቁቱን ቀርቶ ጭራው ሳጥኑ ውስጥ እንደ ጤፍ ገለባ ተበትኗል። አለቀሰች። አዲስ አበባ ደወልን፤ ዕቃው ከቻይና እስኪገባ ጠብቁ ተባልን።

«በፈረስ አገር ተቀምጠን ጭራ ከቻይና?» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። «ሰው አይስማን! እዚህ ፈረስ ከሰው ይበልጣል እኮ!»

«ልክ ነህ» አለ የመሰንቆው ሰው። «ነጭ መሆን አለበት፣ ረዥም መሆን አለበት፣ መቀስ ያልነካው መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ፈረስ የማን ነው ታዲያ?»

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ።

ደወልኩላቸው። «አባዬ፣ ከአምባላዩ ጭራ ትንሽ እፈልጋለሁ» አልኳቸው።

«ለምንህ?»

«ለቀስት።»

«ቀስት? ማንን ልትወጉ ነው?»

«የሚወጋ አይደለም፣ የሚዘፈንበት ነው።»

ከዚያ «ኔትወርክ የለም!» ብለው ራሳቸው ጮሁና ዘጉት።

«አይ አንተ! እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ይለመናል እንዴ?» አለኝ የመሰንቆው ሰው። «ሽማግሌ ነው የሚላከው።» እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ ግን የምሩን ነበር። ሽማግሌዎቹ ሦስት መሆን ስላለባቸው ሽበታሙን የፊዚክስ መምህር አለቃ አደረጉት፣ እሱ ራሱ ሁለተኛ ሆነ፣ የባንኳን ልጅ ጋቢ አልብሰው ሦስተኛ አደረጓት። እኔ እንደ ሙሽራ መቅረት ነበረብኝ። አላስቻለኝም፤ ተከትዬ ሄጄ ከአጥሩ ጀርባ ቆምኩ።

አባቴ ሦስት ጋቢ ለባሽ ደጃቸው ተሰልፎ ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ!»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ የፊዚክስ መምህሩ። መንገዱን ሙሉ ሲያጠናው ነበር።

«ገብቶኛል፣ ገብቶኛል። ነርሷን ነው?» እህቴ ያን ጊዜ አላገባችም ነበር።

«አይደለም። ፈረሱን በተመለከተ ነው።»

«ፈረሱን ለማን?»

«ፈረሱን ሳይሆን… ጭራውን።»

አባቴ ፊታቸው ሲጠቁር በአጥሩ ቀዳዳ ይታየኛል። «ጭራው የሳሳ ፈረስ ይዤ ለቅሶ ልወጣ? ጥር ላይ ከነማን ጋር ልሰለፍ? ልጄ ነው የላካችሁ አይደል? የታለ እሱ?» እኔ አጎነበስኩ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ጫማቸው ሥር ሊወድቁ ሲሉ ደግሞ አባቴ ደነገጡ፤ ሽማግሌ ይዞት የመጣን ጉዳይ ወዲያው እምቢ ማለት ነውር ነዋ። «እንግዲህ ዘመድ ልማከር» አሉ። «ተመለሱ።»

በሳምንቱ ተመለሱ። እኔም ከአጥሩ ጀርባ ተመለስኩ። አባቴ ወንድሞቻቸውን ሰብስበው ተማክረዋል። ፈረሱም ግቢው መሐል ቆሟል፤ ጉዳዩ የእሱ ነውና። አጎቶቼ ጥያቄ አዘጋጅተዋል፤ ጭራው ክፉ ሰው እጅ ገብቶ መተት ቢሠራበትስ? ፈረሱ ጥር ላይ ቢሰንፍ ማን ይጠየቃል? ዋስ አምጡ ተባለ። የመሰንቆው ሰው በአገጩ የባንኳን ልጅ አሳየ።

«ይቺ ልጅ ባንክ ናት» አለ።

«ባንክ?» አሉ አባቴ። «ባንክ ውስጥ? እውነት?»

«አዎ አባባ» አለች።

«ታዲያ ይሄን ቀድማችሁ አትናገሩም ነበር!» አባቴ ጭራው ባንክ የሚቀመጥ መሰላቸው፤ ማንም አላረማቸውም። ወዲያው ግዴታቸውን ዘረዘሩ። መቀስ አይነካውም፤ ራሳቸው በጣታቸው ይመዛሉ። የተረፈ ካለ አይጣልም፣ ይመለሳል። «ደግሞም አምባላዩ ጭራው ምን ላይ እንደዋለ መጥቶ በዓይኑ ያያል።»

«እርስዎስ?» አለ የፊዚክስ መምህሩ።

«እኔማ ብቻውን ልልከው ነው?»

ከአጥሩ ጀርባ ቁጭ አልኩ። አባቴ ሊመጡ ነው! የልጃቸውን ሙዚቃ ሊሰሙ አይደለም፣ ይሁና! በጭራም ይሁን በምን፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ እኔም እመታለሁ። ስንት ዓመት የፈለግሁት ይሄንኑ ነው። ደስታዬ ሲበዛ ቁጣ ቁጣ ይለኛል፤ ከአጥሩ አንድ እንጨት ሰበርኩ።

አባቴ ጭራውን ሲመዙ ውለዋል። አንድ ፀጉር በመዘዙ ቁጥር ለፈረሱ በአዊኛ ያስረዱታል። የባንኳ ልጅ በነጠላዋ ተቀበለቻቸው፣ በሳሙና አጥባ አበጠረችው፣ የመሰንቆው ሰው ደግሞ ጫፍና ጫፉን በክር አሥሮ ወጠረላት። ድምፁ ከድሮው ቢወፍርም ያምር ነበር።

የትርኢቱ ቀን አባቴ ከጥሊሊ ድረስ ጋልበው መጡ። አምባላዩ እስከ ግንባሩ ተሸልሟል። የአዳራሹ ጥበቃ ዱላቸውን ሊቀበል ቢል እምቢ አሉ፤ ፈረሱን ሊከለክል ቢል ደግሞ ጭራሽ ጉድ ፈላ። «ተጋባዡ እሱ ነው፣ እኔ አጃቢ ነኝ!» ክርክሩ ሲካረር መድረኩ አጠገብ ያለው ትልቅ መስኮት ተከፈተና ፈረሱ ከውጭ ታሥሮ አንገቱን አስገባ። የእንጅባራ ብርድ ከእሱ ጋር ገባ። ሰው ሁሉ ጋቢውን እየተከናነበ አጉረመረመ። አባቴ የፊተኛው ረድፍ መሐል ላይ ተቀመጡ።

መሣሪያችንን ስንቃኝ የመጀመሪያው ዜማ መስሎት ሕዝቡ አጨበጨበ። እጅ ነሳን፤ ምን እናድርግ? ከዚያ የእውነቱን ስንጀምር አባቴ ወዲያው ጎናቸው ወዳለው ነጋዴ ዞሩ። «ያቺ ከላይ ወደ ታች የምትሄደው ጭራ የእኔ ናት» አሉት፤ ሹክሹክታቸው እስከ በሩ ይሰማል። ነጋዴው «እንኳን ደስ ያለዎት» አላቸው። ከኋላም እጃቸውን የሚጨብጥ መጣ። አንድ ቦታ ላይ የባንኳ ልጅ ቀስቱን አሳርፋ በጣቷ የምትነካካበት ክፍል አለ። አባቴ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ጭራውን ለምን አስቀመጠችው? ምን ጎደለው?»

«እውነት ነው፣ ምን ጎደለው?» አለ ከኋላ አንዱ። ልጅቷ ፊቷ ቲማቲም መሰለ፤ ቀስቷን አንሥታ ያልተጻፈውን ሁሉ ትጎትተው ጀመር። የፊዚክስ መምህሩ ከቼሎው ጀርባ ተደብቆ ይስቃል።

ተራው የእኔ ሆነ። ብቻዬን የምመታው አንድ ዜማ ነበረኝ። ለሳቸው ነበር ያዘጋጀሁት፤ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ወራት ሙሉ እሱን ብቻ ነበር የማጠናው። ገና ጥቂት ሄድ እንዳልኩ የአባቴ ሹክሹክታ መጣ።

«ይሄስ የማን ጭራ ነው?»

«ናይለን ነው አባባ» አለ የመሰንቆው ሰው።

«ናይለን የማን ፈረስ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ደሜ ፈላ። መምታቴን አቁሜ ተነሣሁ፤ እንዲህ መድረክ ላይ እንደማይደረግ አውቃለሁ፣ ግን አላስቻለኝም። «የማንም ፈረስ አይደለም! የማንም ጭራ የለበትም! ጥፍሬ ነው አባዬ! በጥፍሬ ነው የምመታው!» ብዬ ቀኝ እጄን ዘረጋሁላቸው።

አባቴ ተጠግተው ጥፍሮቼን አንድ በአንድ አዩአቸው። ክላሲካል ጊታር የሚመታ ሰው የቀኝ እጁን ጥፍር ያሳድጋል፤ ይሞርደዋል፣ ይጠነቀቅለታል። «ለዚህ ነው የማትቆርጠው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ለዚህ ነው።»

«እኔ ስለት ያለብህ መስሎኝ!» አሉ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ስለት ያለበትን ሰው አይናገሩትም ብዬ ነው ዝም ያልኩህ!» ከዚያ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። «በል፣ ምታ።»

መታሁ። አባቴ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ጥፍሬን ጥፍሬን ያያሉ፤ ልክ የፈረስ ሰኮና ሲመረምሩ እንደሚያዩት። ጎናቸው ያለው ነጋዴ ሊያወራቸው ሲል በክርናቸው መለሱት። ብቻዬን የምመታው ሲያልቅ ሌሎቹ ገቡ፣ መሰንቆው የግልቢያ ምት አመጣበት፣ ፈረሱ በመስኮቱ አሽካካ። ያኔ አባቴ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ።

«የአራሹ አባት!» አሉ። «የፖሊሱ አባት! የነርሷ አባት!» ትንፋሽ ወሰዱ። «የአምባላዩ ጌታ!» አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ያው ነው፣ አለቀ አልኩ በልቤ። አንገቴን ደፋሁ።

ግን አልተቀመጡም። ዱላቸው እንደተነሣ ነው። የባንኳ ልጅ ታቁም ትቀጥል ግራ ገብቷት አንዷን ድምፅ ይዛ ቀስቱን ወዲያ ወዲህ ትስባለች። አባቴ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉት። ስም እየፈለጉልኝ ነበር። አራሽ አይደለሁ፣ ፖሊስ አይደለሁ። ቢሮ እንዳይሉ፣ ጊታሩን ታቅፌ ሕዝቡ ሁሉ እያየኝ ነው። አዝማሪ የሚለው ቃል ከአፋቸው አልወጣ አለ። መጨረሻ ላይ ዱላቸውን ወደ እኔ ቀስረው፣ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ጮሁ።

«የዚህም አባት!»

ሕዝቡ የሰማ አልመሰላቸውም መሰለኝ፣ ደገሙት። «የዚህም! የዚህም አባት ነኝ!»

ፊቴ ያለው ወረቀት ላይ ኖታው ሁሉ ተደባለቀብኝ፤ ዓይኔ ሞልቶ ነበር። እጄ ጊታሩ ላይ ደርቆ ቀረ። የመሰንቆው ሰው በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

«ምታ እንጂ!» አለኝ። «አባትህ እኮ ቆመዋል።»